አሮጊቷ ያልተነሳችበት ቀን

ውድ ወንድምዓለም፣

ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ደወልክ። ስልኩ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በካቻቢቴና በቅባት ጨርቅ መካከል ሲንቀጠቀጥ ቆሜ አየሁት። ስምህ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። እጄን ዘርግቼ ማንሳት አቃተኝ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ስለገባ የእሳት አጥፊው ጓድ ተበትኗል፤ ጣቢያው ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ኃላፊው እና የበር ጠባቂው ነን። ኃላፊው ከቢሮው አይወጣም፣ ጠባቂውም ከእኔ ይልቅ ከሬዲዮኑ ጋር ነው የሚያወራው። ያላነሳሁት የምትለኝን ስለማውቅ ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ትደውላለህ፣ በየዓመቱም «እህትዓለም፣ ዛሬ ቆሜ የምሄደው በአንቺ ነው» ትለኛለህ። እኔም «ተው እባክህ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ዘንድሮ ወሬ የምቀይርበት አቅም አጣሁ።

ደብዳቤ የመረጥኩት፣ ድምፅህን ከሰማሁ እንደገና እንደምዋሽህ ስለማውቅ ነው። «እንደገና» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ታገሠኝና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ፓይለት ሆነህ ወደ ጣቢያው የመጣህ ሰሞን እኔ፣ መካኒኳ፣ ለሃንጋሩ ወንዶች መሳቂያ ነበርኩ። «ሴት ያጠበቀችው ቡሎን ሁለቴ ይጠበቃል» ይሉ ነበር፤ ቀልድ ብቻ መስሎህ እንደሆነ አይደለም፣ እውነትም ከኋላዬ እየሄዱ ደግመው ያጠብቁ ነበር። አንተ የመጀመሪያ ቀንህ ላይ የጥገና መዝገቡን ገልጠህ «ይቺ ፊርማ የማን ናት?» ብለህ ጠየቅክ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ ጉሮሮውን እየጠረገ «ከፈለግክ እኛ ደግመን እናይልሃለን» አለህ። አንተም «ምኑን ነው የምታዩት? ፈርማለች እኮ» ብለህ ገብተህ ሞተሩን አስነሳህ። ያን ቀን የሄሊኮፕተሯ ክንፍ መዞር ሲጀምር ነፋሱ ባርኔጣዬን ወስዶ አጥሩ ላይ ሰቀለው። እያሳቁኝ ያወረዱልኝ እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያጠበቀብኝ ሰው የለም።

አሮጊቷ ያልናት አብረን ነው። ሄሊኮፕተሯ በዕድሜ ሁለታችንንም ትበልጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዋን መታ መታ አድርገህ «እንደምን አደርሽ እናቴ» ትላታለህ፤ እኔ ደግሞ ከሆዷ ሥር ተንጋልዬ «ወገቧን አሟት አድራለች» እልሃለሁ። ከሐይቁ ውሃ ቀድተህ ስትመለስ ከሥሯ የሚንጠለጠለው ባልዲ ሙሉ ይሁን ባዶ ከክንፏ ድምፅ እለይ ነበር። ስትሞላ ድምፁ ይወፍራል፣ እንደሚያጉረመርም ሰው። ስትደፋው ይቀልላታል። አንተ ከእሳቱ በላይ ሆነህ የማታየው እኔ ከታች ሆኜ የምሰማው ብዙ ነገር ነበር።

ጋሼ መጥረቢያ ደግሞ ለሁለታችንም አባት ሆኑ። የምድር ጓዱ አለቃ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሄሊኮፕተር እየተጫኑ እሳት አፋፍ ላይ ሲወርዱ የኖሩ ሰው። «ጥርሴን ለምኑኝ ነቅዬ እሰጣለሁ፣ መጥረቢያዬን ግን አላውስም» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። ደግሞም መብረር ይፈሩ ነበር፤ ይህን ከጓዱ ውጭ የሚያውቅ የለም። በሩ አጠገብ ይቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መጥረቢያቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ «እኔ እሳቱን አልፈራም፤ የምፈራው ይህችን የምትሽከረከር ማማሰያ ነው» ይላሉ። አንተን ቤታቸው የጀርባ ክፍል አስገቡህ፣ እኔን እሑድ እሑድ ምሳ ካልመጣሽ ይሉኝ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ የጓዱን የተቀደደ ቱታ ወደ መብራት እያነሱ «ይኼ ቀዳዳ ደግሞ ከእሳት ነው ከስንፍና?» ሲሉ የሳቅነውን አልረሳውም። እኔ እናትና አባቴን ገና ልጅ ሆኜ ነው ያጣሁት። በሕይወቴ ሰው የጠበቀኝ ገበታ እሱ ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን ነገር ታውቀዋለህ። ግን አንተ የምታውቀው በአንተ በኩል ያለውን ነው፤ እኔ በእኔ በኩል ልንገርህ።

የወቅቱ መጨረሻ ሳምንት ነበር፤ ሁላችንም ዝናቡን እየጠበቅን ነው። ጠዋት በአንድ ምልልስ ሰባቱን ሰዎች ተራራው ጫፍ ላይ አወረድካቸው፤ ጋሼን፣ የመጋዝ ሠራተኛውንና አምስቱን ሌሎች። ከጣቢያው እስከዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ በረራ ነው። ከዚያ ባልዲውን አንጠልጥለህ ውሃ ስትደፋ ዋልክ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሳልጠብቅህ መጣህ። ድምፁ ባዶ ባልዲ ነው፣ ሰዓቱ ግን ነዳጅ የምትሞላበት አይደለም። ከመውረድህ በፊት ነው የገባኝ።

«ቢጫው መብራት በራ» አልከኝ።

ያ መብራት ምን እንደሆነ እኔና አንተ አናወራም፤ እናውቀዋለን። ዛሬ ግን ምንም ሳላስቀር ልጻፈው። የሞተሩን ኃይል ወደ ክንፉ የሚያስተላልፈው ጊርቦክስ ውስጥ፣ ዘይቱ መሃል፣ ማግኔት ያለው ቡሎን አለ። ከጥርሶቹ ወይም ዘንጎቹ ከሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎች ብረት ከተላጠ ማግኔቱ ይይዘውና ፓይለቱ ፊት መብራት ይበራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ ዱቄት የላመ ነገር ነው፤ ይጠረጋል፣ ቡሎኑ ይመለሳል፣ ይበረራል። ከዚያን ቀን በፊት አምስት ስድስት ጊዜ ጠርጌ ልኬሃለሁ። ያን ቀን ግን ከዱቄቱ ጋር አንድ ስንጥር ነበረች። የተቆረጠ ጥፍር የምታህል፣ ጠርዟ የሚያበራ። መመሪያው በዚህ መጠን ያለ ብረት ከተገኘ አትበርም ይላል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ስንጥር አብዛኛውን ጊዜ ኩሽኔታ መፍረስ ሲጀምር የሚመጣ ነው። ኩሽኔታው ፈርሶ ጊርቦክሱ ከነከሰ ደግሞ ክንፉ ይቆማል። ያኔ ሄሊኮፕተር አይባልም፣ ድንጋይ ነው።

«ጥረጊውና ልሂድ» አልክ።

«አይሆንም።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሰዓት አይደለም፣ ቀን ነው። ጊርቦክሱ ወርዶ ይመረመራል።»

«አሮጊቷ ጥርሷን ነቀለች በይኛ!» ብለህ ሳቅክ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ጋሼም በሬዲዮ «እዚህ ሰላም ነው» ብለው ነበር። መዝገቡ ላይ «መብረር የለባትም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ኃላፊያችን ወደ ጎረቤት ጣቢያ ደውሎ ምትክ ጠየቀ፤ የእነሱ ሄሊኮፕተር ሌላ እሳት ላይ ስለሆነች ስትጨርስ ትመጣለች አሉት።

ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ ነፋሱ ዞረ። ሃንጋሩ ውስጥ ባለው ሬዲዮ የጋሼን ድምፅ ሰማሁ። አልጮኹም። «እሳቱ ከታች ዞሮብናል። መውረጃችን ተዘግቷል። ማማሰያዋን ላኩልን።» በሠላሳ ዓመት ውስጥ እሳቸው ራሳቸው ሄሊኮፕተር ሲጠሩ የተሰማበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ሄልሜትህን አጥልቀህ እየሮጥክ መጣህ። ቡሎኑ በእጄ ነበር።

«መልሺው» አልክ። «ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ መልሺው።»

«ጊርቦክሱ ቢነክስስ?»

«ይንከሳ!»

«ስትሄድ አይደለም የሚነክሰው። ሰዎቹን ጭነህ ስትነሳ ነው፣ ክብደቱ ሲበዛባት። ስምንት ሆናችሁ ነው የምትወድቁት።»

«ዝም ብለን እንያቸው ታዲያ?»

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «መካኒኳ ካልፈረመች አይበርም» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ «ውሳኔው ያንቺ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ያልነገርኩህን ልንገርህ። እጄ ቡሎኑን ወደ ቦታው ማስገባት ጀምሮ ነበር። አንድ ዙር አዙሬዋለሁ። ከዚያ ስንጥሯ ጨርቁ ላይ ስታበራ አየኋት፣ እጄም ቆመ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አልከኝ።

እርግጠኛ አልነበርኩም። እንዲህ ያለ ነገር እርግጠኛ የሚኮነው ጊርቦክሱ ሲከፈት ነው። ግን «ነኝ» አልኩህ፤ ሌላ ቃል ብናገር እንደምትሄድ ስላወቅሁ።

አንተም ሄልሜትህን አወለቅክና ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥከው፤ አልወረወርከውም። አጠገቡ ቁጭ አልክ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገርከኝም። ብትሰድበኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ለሁለታችንም አንድ ነው። ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጠን ሃምሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰማን። ጋሼ ሰዎቻቸውን ቀድሞ ወደ ተቃጠለው ጥቁር መሬት አስገቧቸው፤ እሳት ሁለቴ አይበላም ይሉ ነበርና። የመጋዝ ሠራተኛው ጉልበቱ ዞሮ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ተመልሰው ሄደው ገፍተው አስገቡት። እሳቸው አልደረሱም። የጎረቤት ሄሊኮፕተር ስትደርስ ስድስቱን በእግራቸው፣ እሳቸውን በቃሬዛ አነሳች። በሦስተኛው ቀን፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ሆስፒታል አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያይ ነበር። «እሷ ናት» ሲሉ ሰምቻለሁ። «ፊርማዋን ይዛ ቀረች» ያለም ነበር። እኔ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜያለሁ። አንተ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ይህች ሴት ባትከለክለኝ ኖሮ ዛሬ የምንቀብረው ስምንት ሰው ነበር! ማንም አንድ ቃል እንዳይናገራት» አልክ። እትዬ መጥተው እጄን ያዙኝ። ያን ጊዜ አንተም የጊርቦክሱን ነገር አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ግን ከአፍህ ሲወጣ እውነት ሆነ። ሁላችንም ተጠለልንበት።

ከአርባ ሦስት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ። ፖስታው በስሜ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ዋናው ቃሉ አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ኩሽኔታዎቹ ጤነኛ ናቸው። ጥርሶቹ ጤነኛ ናቸው። የተገኘው ስንጥር ቀደም ባለው እድሳት ጊዜ በሽፋኑ ውስጥ የቀረ ቁርጥራጭ ነው። ጊርቦክሱ ለአገልግሎት ብቁ ነው።»

አሁን አወቅክ። መብረር ትችል ነበር፣ ወንድምዓለም። የዚያን ቀን አሮጊቷ ምንም አልሆነችም ነበር።

ወረቀቱን ለኃላፊው ወሰድኩለት። አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «ደንቡን ነው የተከተልሽው፤ ማንም አይከስሽም» ብሎ ፋይል ውስጥ አስገባው። ማንም አይከስሽም የሚለው ቃል ከክስ የባሰ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቢከሱኝ መልስ ነበረኝ። ላልተጠየቅሁት ምን ብዬ ልመልስ?

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አንተ ሻንጣህን ትከሻህ ላይ አንጠልጥለህ ልትሰናበተኝ መጣህ። የሆስፒታል በሽተኛ ማመላለሻ ሥራ አግኝተህ ወደ ሩቅ ከተማ መሄድህ ነበር። ከስተህ፣ ቀበቶህ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እትዬ «ቤት ውስጥ ሲንቆራጠጥ እሰማዋለሁ፤ ልጁ እንቅልፍ አጥቷል» ብለውኝ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ እንዲህ አልከኝ፦

«ውጤቱ መጣ?»

«መጣ።»

«እህ?»

«ኩሽኔታው አልቆ ነበር» አልኩህ። «ሩብ ሰዓት አትቆይም ነበር።»

ዓይንህን ጨፈንክ። ከዚያ ሻንጣህን ጥለህ አቀፍከኝና ትከሻዬ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስክ። «አውቄ ነበር፤ አንቺ አትሳሳቺም፣ አውቄ ነበር» አልክ። እኔም ጀርባህን እየመታሁ ከትከሻህ በላይ ፋይሉ የገባበትን ቁም ሳጥን እያየሁ ነበር።

አራት ዓመት ሙሉ «ለእሱ ብዬ ነው» ስል ኖርኩ። ግማሹ እውነት ነው። ፊትህን አይቼ እውነቱን ብነግርህ በቁምህ ትፈርሳለህ ብዬ ፈራሁ። ግማሹ ግን ለራሴ ነው። በዚያ ሃንጋር ውስጥ ፊርማዬን ያመነ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ፤ ያንን ሰው ማጣት አልፈለግኩም። ሞኝነቴ፣ ዋሽቼም አጣሁህ። የዋሹት ሰው አጠገብ ቢቀመጥ እንኳ ሩቅ ነው። በየዓመቱ ስትደውል የምታመሰግናት ሴት እኔ አይደለሁም። እሷ ሌላ ናት፣ አላውቃትም፤ ስለ እሷ ስትነግረኝ እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የምሰማህ።

እንዴት እንደምኖር ጠይቀኸኝ «ደህና ነኝ» ያልኩህም ውሸት ነው። ከጣቢያው በስተጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። አንድ ወንበር ነው ያለኝ፤ ሁለተኛ ብገዛ የሚቀመጥበት የለም። ጓዱ ምሳ ሲበላ እኔ ሥራ አለኝ እላለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ይጠሩኝ ነበር፣ ኋላ ተዉት። ስሜንም ለውጠውታል፤ «ፊርማ» ይሉኛል። በክፋት አይደለም፣ እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጥሩት። «ፊርማ ካየችው አትስጋ» ይባላል። ወደ እትዬ ቤት መሄድ ካቆምኩ አራት ዓመት ሆነኝ። በበራቸው ላለማለፍ ስል ወደ ገበያ የምሄደው በወንዙ በኩል ዞሬ ነው። አንድ ቀን ከሩቅ አይተውኝ እጃቸውን አነሱ። ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ሲሄዱ ቀና ስል ጫማዬ ማሰሪያ የሌለው ነበር።

አሁን የሆነውን ልንገርህ።

ባለፈው ሐሙስ ከየጣቢያው አሥራ አንድ መካኒኮች ለሥልጠና መጥተው ነበር። ኃላፊው «ያን ታሪክ አንቺ ንገሪያቸው» ብሎ አስቀድሞ አዞኛል፤ ማክሰኞ ስልክህን እንዳላነሳ ያደረገኝ ይህ ትእዛዝም ነው። ለካ ታሪኩ በየጣቢያው ይነገራል። አንተ በየሄድክበት ተናግረኸዋል፣ የሰማህ ለሌላው ተናግሯል። አሠልጣኙ ሲያስተዋውቀኝ «በተበላ ኩሽኔታ ሊወድቁ የነበሩ ስምንት ሰዎችን በአንድ ፊርማ ያዳነች» አለ። አጨበጨቡ። ኃላፊው ጥግ ላይ ተቀምጦ የጫማውን አፍንጫ ያይ ነበር። ከሰልጣኞቹ አንዱ፣ ከከባድ መኪና ጥገና ወደ ሄሊኮፕተር የመጣ፣ ሽበት የጀማመረው ሰው፣ እጁን አነሳና በትህትና ጠየቀኝ፦

«እህቴ፣ ኩሽኔታው አሁን የት አለ? ብናየው ጥሩ ነበር። እኛ መካኒኮች ካላየን አይገባንም።»

አሥራ አንድ ሰው ይጠብቀኛል። «የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር፣ የለም። እሱ ግን «ጠፍቶ ነው?» አለኝ። «ይቅርታ፣ አመመኝ» ብዬ ወጣሁ። አስበው፤ እነዚያ ሰዎች ነገ ስንጥር ሲያገኙ «የእሷ ኩሽኔታ ተበልቶ ነበር» እያሉ ነው የሚወስኑት። ውሸቴ የእኔና የአንተ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መመሪያ ሆኖ አረፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ!» ብለው ፊታቸው በራ፤ ያ ፊት ነው ከሁሉ የጎዳኝ። ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጡኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የት ጠፋሽ ሳይሉ አንድ ሰማያዊ ቱታ እየሰፉ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ቆርጬ ተናገርኩ። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«እንደገና አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩ።

«ስለዚህ መብረር ትችል ነበር።»

«ትችል ነበር።»

«ይደርስለት ነበር?»

«ይመስለኛል፣ እትዬ። በአሥራ አንድ ደቂቃ ይደርስ ነበር።»

እጃቸውን ቱታው ላይ ዘረጉ። «በወንዙ በኩል ዞረሽ የምትሄጂው ለዚህ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ምን አስቀየምኳት ብዬ ስንት ቀን አስቤያለሁ። ባሌን ቀብሬ፣ አንቺንም እንዴት እንዳጣሁ ሳላውቅ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«በምኑ? በፊርማሽ ከሆነ ሥራሽ ነው፤ እሱም ቢሆን አንቺን ነበር የሚያምነው። በውሸትሽ ከሆነ ግን አራት ዓመት ተሸክመሽው ዛሬ እኔ ደጅ አራገፍሽው። እኔስ የት ልውሰደው?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ዛሬ ሂጂልኝ። ሌላ ቀን ነይ። ዛሬ ግን ሂጂ።»

በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «ለልጁ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ከእኔ በፊት መስማት የነበረበት እሱ ነው። እሺ ብሎሽ የተቀመጠው እሱ ነው እኮ! ዛሬ ነገ እንዳትዪ።»

ስለዚህ ዛሬ እሑድ፣ ሃንጋሩ ውስጥ፣ ጣሪያውን ዝናብ እየመታው ይህን እጽፍልሃለሁ። የውጤቱን ቅጂ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ በቃሌ ብቻ እንዳታምነኝ። ለኃላፊውም ዛሬ ጠዋት ቤቱ ሄጄ፣ ለአሥራ አንዱም መካኒኮች እውነተኛው ወረቀት እንዲደርሳቸው እፈልጋለሁ አልኩት። «ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። «ለእኔ አይደለም» አልኩት። «እኔም ሐሙስ ዕለት ሲያጨበጭቡልሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አብሬሽ ልፈርምበት» አለ። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅህም። ይቅርታ የምጠይቅህ ለውሸቱ ነው። ለክልከላው ይቅርታ አድርግልኝ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ስንት ጊዜ ወደዚያ ሰዓት ተመልሻለሁ መሰለህ። ያን ስንጥር ያየ ማንም መካኒክ፣ የሚያውቀውን ብቻ ይዞ፣ ማቆም ነበረበት። ነገም ቢመጣ አቆማለሁ። ትክክል ሆኜም ጋሼ ሞቱ። ሁለቱ ነገሮች አንዱ አንዱን አያጠፋውም፤ ለዓመታት ሳጋጫቸው ኖሬ የተረፈኝ ይኸ ነው። አንተም የራስህን ታስባለህ። ብትጠላኝ አይገርመኝም።

እዚህ ላይ ልጨርስ ስል እትዬ ደወሉ። ከትናንት ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም።

«ጻፍሽለት?»

«እየጻፍኩ ነው።»

«እንግዲያው እኔም የምለው አለኝ። እንዳለ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው።»

እንዳሉት፣ ሳላሳምር፣ ይኸው፦

«አንተ ልጅ፣ ወረቀቱን ስታነብ ደቂቃ መቁጠር ትጀምራለህ፤ አውቅሃለሁ። አትቁጠር። ሠላሳ ዓመት ከዚህ በር ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ ይመጡልኛል ብሎ አልወጣም። ‹ካልመጡ በእግሬ እመጣለሁ› ነበር የሚለኝ። ያን ባለመጋዝ ልጅ ለመጎተት የተመለሰውም ማንንም ሳይጠብቅ ነው። አንተ ብትመጣ ደስ ይለው ነበር፣ ቀረብኝ ብሎ ግን አልሞተም። እኔ ነኝ የምልህ፣ አብሬው የኖርኩት። መጥተህ ምሳ ብላ።»

ከዚያ ስልኩን ዘጉት። ስለ እኔ ምንም አላሉም፤ አልጠየቅኋቸውምም።

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ራሴ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

ዋሽታህ የነበረችው፣
መካኒክህ